ብቁ ሰው ከተገኘ

ሶፋ ሠሪው ከአገሩ የወጣው ቀና ብሎ ነው። ድንበር አልዘለለም፣ ደላላ አልተለማመጠም። አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሙያውን ፈልጎ፣ የሥራ ፈቃድ አስወጥቶለት፣ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሰው ልኮ የተቀበለው ሰው ነው። ይህንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ማውራት ይወድ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ፋብሪካው ከሰረና በሩን ዘጋ። ማሽኖቹ በሐራጅ ተቸበቸቡ፣ ሠራተኛው ተቃቅፎ ተለያየ፣ የእሱም የሥራ ፈቃድ ከፋብሪካው ጋር አብሮ ሞተ። ለካስ ያ ሲኮራበት የኖረው ወረቀት እሱ እንዲሠራ ሳይሆን ፋብሪካው እንዲያሠራው የተሰጠ ፈቃድ ኖሯል። ልዩነቱ የገባው ያን ዕለት ነው።

"ምን ያስጨንቅሃል፣ እኛ ጋ ና" አለችው እህቱ። "ቤት አለ፣ ሶፋ አለ። አንተን ደግሞ ሶፋ ላይ ተኛ ቢሉህ አይከፋህም።"

እህቱ ታላቁ ናት። ከእሱ ቀድማ ወደዚያ ከተማ ገብታ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈችና መታጠቢያ ቤት እያጠበች ኑሮ የመሠረተች፣ የራሷንም የባሏንም የልጆቿንም የመኖሪያ ወረቀት ደጅ ጠንታ የጨረሰች ሴት ናት። ቤታቸው ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ፣ ከላይኛው ፎቅ ነው። ሁለት ክፍልና አንድ ሳሎን። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ አጎታቸው ሊመጣ ነው ሲባል ከደስታቸው ብዛት ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነው የጠበቁት። እሱም ከገባ በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የሚተኛበትን ሶፋ ገልብጦ ሆዱን ማየት ነበር። ሞላዎቹ ላልተው፣ ስፖንጁ እንደ ደረቅ ኬክ ተፈርፍሮ አገኘው። በሳምንቱ አዲስ አደረገው።

"ይኸው፣ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ባለቤት ሆነ" አለ የእህቱ ባል እየሳቀ።

ይህን ሰው አገር ቤትም እዚህም ሁሉ ሰው "ቲቸር" ነው የሚለው። ሚስቱም እንኳ ስትቆጣው ካልሆነ ስሙን አትጠራም። ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። እዚህ ከመጣ በኋላ ዕቃ የሚያድል መኪና ሲነዳ ቆይቶ ወገቡን ታመመ፤ ድርጅቱም "እግዜር ይማርህ" እንኳን ሳይለው አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የለውም። የሥራ አገናኝ ቢሮው ድጎማ ይሰጠዋል፤ ድጎማው ግን ግዴታ አለው። ቢሮው "እዚህ ቦታ ሥራ አለ፣ ሂድ ተፈተን" ካለው መሄድ አለበት። አልሄድም ካለ ይቆረጥበታል። እስካሁን የላኩትም ቦታ ሁሉ ወገቡን አይተው መልሰውታል። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስና መስኮት ሥር ይቀመጣል። ታች የሚቆሙትን መኪናዎች ታርጋ በቃሉ ከማወቁ የተነሳ፣ ጎረቤት መኪናውን የት እንዳቆመ ሲጠፋው ቲቸርን ይጠይቃል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል። ሲስቅ ግን ዓይኑ አይስቅም።

ሶፋ ሠሪው ብዙም ሳይቆይ አሠሪ አገኘ። ከአንድ ጋራዥ ኋላ የነበረች ጠባብ ወርክሾፕ ናት፤ ማስቲሽና አሮጌ ጨርቅ ትሸታለች። ልብሳቸው የተገፈፈ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፣ የጨርቅ ጥቅሎች ጣሪያ ድረስ ተደርድረዋል። ባለቤቷ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። እሱ "እማማ" ይላቸዋል፣ እሳቸውም ትርጉሙን ሳይጠይቁ ወደዱት። የእጃቸው መገጣጠሚያ አብጦ መዶሻ መጨበጥ አቅቷቸዋል። እሱ አንድ አሮጌ ወንበር ላይ ሞላዎቹን እያጠላለፈ በሲባጎ ሲያስር ቆመው አዩትና፣ "ነገ ማለዳ ና" አሉት። በቃ፣ ፈተናው ይኼው ነበር።

የቀረው የሥራ ፈቃድ ማመልከት ነው። የሥራ ፈቃድ ክፍሉ ዘንድ ሦስቱም አብረው ሄዱ፤ እማማ አሠሪ፣ እሱ ተቀጣሪ፣ ቲቸር ደግሞ አስተርጓሚ ሆኖ። የአገሬው ቋንቋ ለሶፋ ሠሪው ገና እንደ ጠጠር አፉ ውስጥ ይንገዋለላል፤ ቲቸር ግን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ተራ ቁጥሩ በቀይ መብራት እየተጠራ፣ ሕፃን እያለቀሰ ቆዩና ተራቸው ደረሰ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሴት ቀና ብላም አላየቻቸው።

"ሠራተኛው የሚሠራውን ሥራ አስረዱ" አለች።

ቲቸር ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። አሮጌ ልብስ ማውለቅ፣ ሞላ ማሰር፣ ስፖንጅ በልኩ መቁረጥ፣ ጨርቅ ወጥሮ ማልበስ... አቤት ሲያሳምረው! እማማ ራሳቸው "እኔ የምሠራው ሥራ እንዲህ ትልቅ ነው እንዴ?" ብለው ሳቁ። ሴትየዋ ሁሉንም ጻፈች።

"ማስታወቂያው ይወጣል" አለች። "ወረቀት ካላቸው ነዋሪዎች መካከል ለዚህ ሥራ ብቁ ሰው ከተገኘ ፈቃዱ አይሰጥም። ካልተገኘ ይሰጣል። እስከዚያ ድረስ በጊዜያዊ ወረቀት መሥራት ይችላል።"

"ለወጉ ያህል ነው" አሉት እማማ ሲወጡ፣ ክንዱን ይዘው። "ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት። የዛሬ ልጅ ሶፋ ላይ መቀመጥ እንጂ ሶፋ መሥራት የት ያውቃል?"

ማስታወቂያው ግን ቶሎ አልወጣም። ዛሬ ነገ ሲባል ወራት ነጎዱ። ሶፋ ሠሪው በጊዜያዊ ወረቀቱ መሥራቱን ቀጠለ። በመሃል አንድ ጠዋት፣ ጫማውን ሲያስር እህቱ አጠገቡ መጥታ ቁጢጥ አለች።

"ወንድምዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ?"

"ምን ሆንሽ እትዬ?"

"እባክህ እሱን ይዘኸው ሂድ።" በአገጯ ወደ መስኮቱ ጠቆመች። "ክፍያ አልፈልግም፣ ሥራም አይሥራ። ብቻ ሰው መሃል ይዋል። እንዲህ ሲፈዝ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። ትናንት ሦስት ጊዜ ስጠራው አልሰማኝም።"

ወሰደው። ቲቸር መጀመሪያ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ይንጎራደድ ነበር። ከዚያ ሚስማር መንቀል ጀመረ፣ ከዚያ ስፖንጅ መቁረጥ። ሶፋ ሠሪውም ማስተማር የሚወድ ሰው ነውና አብሮት እየተንበረከከ ያሳየዋል። "ጨርቅ ከጠርዝ አይጀመርም፤ ከመሃል ነው። መሃሉን ካሰርክ በኋላ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል ትሄዳለህ።" ቲቸር አንዴ የሰማውን አይረሳም። ለካስ ጣቱ ሙያ ነበረው! ማታ ሹራቡ ላይ የጨርቅ ብናኝ ተለጥፎ፣ እራት ላይ ስለ ወንበር እግር ሲያወራ ልጆቹ ዓይናቸውን ያፈጡበታል። እህቱ ወንድሟን ለብቻው አገኘችና እጁን ሳመችው። "ባሌን መለስክልኝ" አለችው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደረግለት የሚሆነውን ስለማያውቅ፣ "ተይ እንጂ፣ ምን ሆነሻል" ብሎ እጁን ነጠቀ።

ቲቸር ደግሞ በቀጠሮው ቀን ሥራ አገናኝ ቢሮ ሄደ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ እንደ ሁልጊዜዋ "ምን ስትሠራ ከረምክ?" ስትለው፣ እንደ ሁልጊዜው "ምንም" ማለት አቃተው። የሶፋ ሥራ እየለመድኩ ነው አላት፣ አፉን ሞልቶ። እሷም መዘገበችው።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ቀን እራት ላይ ነው። ቲቸር እየሳቀ ገባ። ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ "ዛሬ ቢሮው ደውሎ ሥራ አገኘንልህ አለኝ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው?" አለ።

"ዘበኝነት?" አለች ሚስቱ።

"አይደለም።"

"ፅዳት?"

"አይደለም። የሱን!" ጣቱን ወደ አማቹ ቀሰረ። "የእሱን ሥራ! የእማማን ወርክሾፕ! ማስታወቂያው ወጣና፣ ኮምፒውተሩ አገላብጦ አገላብጦ፣ በዚህ ከተማ ወረቀት ያለውና ሶፋ የሚያውቅ ሰው ማን ነው ቢል እኔን አገኘ!"

ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ሶፋ ሠሪው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ልጆቹም ነገሩ ሳይገባቸው ሳቁ። መጀመሪያ ሳቋን ያቆመችው እህቱ ናት።

"ባትሄድስ?"

"ድጎማው ይቆማል።"

"ብትሄድስ?"

"ወገቤን ብል አያምኑኝም፣ የሶፋ ሥራ እየለመድኩ ነው ብያቸዋለሁ። እሄዳለሁ፣ አበላሻለሁ፣ እመለሳለሁ። ምን ችግር አለ? ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ሲያበላሽ አርሜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማበላሸት ሊያቅተኝ ነው?"

እንደገና ተሳቀ፤ ግን የፊተኛው ዓይነት አልነበረም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሁለቱ ወንዶች ሳሎን ውስጥ ተንበርክከው ማበላሸትን ተለማመዱ። "ባለመስመር ጨርቅ ምረጥ" አለው ሶፋ ሠሪው። "መስመር ከተንሻፈፈ ሙያ የማያውቅም ያየዋል። ከጠርዝ ጀምርና ወደ አንድ በኩል ሳበው። ማዕዘኑ ላይ ይጨማደዳል። ያኔ እማማ 'አይሆንም' ይላሉ፣ ቢሮውም 'ብቁ አይደለም' ብሎ ይጽፋል፣ አንተም ሄደሃልና ድጎማህን አትነጠቅም።" ቲቸርም አንድ አሮጌ ወንበር እንደታዘዘው አድርጎ ጉድ አደረገው። ልጆቹ "አባዬ፣ አስቀያሚ ነው!" ብለው አጨበጨቡለት።

የፈተናው ዕለት ከሥራ ፈቃድ ክፍሉ አንድ መነጽራም ወጣት መጣ። ማስታወቂያ ለወጉ ያህል እያወጡ የፈለጉትን ሰው የሚቀጥሩ አሠሪዎች ስለበዙ፣ ፈተናውን ቆሞ የሚያይ ተቆጣጣሪ መላክ ተጀምሮ ኖሯል። የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ተመረጠ። ሶፋ ሠሪው ጥግ ይዞ እንዲቆምና እንዳይናገር ተነገረው።

ቲቸር ባለመስመሩን ጨርቅ መረጠ። ከጠርዝ ጀመረ። ወደ አንድ በኩል ሳበው። አንድ ሚስማር መታ፣ ሁለተኛውን አጣመመ፣ ሦስተኛው ከእጁ አምልጦ ወደቀ። ሶፋ ሠሪው ከጥጉ ሆኖ በልቡ "ጎሽ" ይላል። ሁሉም እንደ ታቀደው እየሄደ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አይቶ በረጅሙ ተንፍሶ ወደ እማማ ዞር እስኪል ድረስ።

"ዝም ብለው ነው የሚልኩልን" አለ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ፣ ሰውየው ቋንቋ እንደማያውቅ ቆጥሮ ሳይሆን አይቀርም። "ድጎማ የለመደ ሰው እጁ ለሥራ አይታዘዝም። እንደነዚህ ዓይነቶቹ ደግሞ ጭራሽ።"

ቲቸር መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። ሶፋ ሠሪው ቃሉን ሁሉ አልሰማውም፤ የገባው ከአማቹ ማጅራት ነው። የማጅራቱ ሥር ተገታተረ፣ ጆሮው ደም መሰለ። ሰውየው መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ፒንሳ አነሳ። የመታቸውን ሚስማሮች አንድ በአንድ ነቀላቸው። ጨርቁን አንስቶ አራገፈ። መልሶ ዘረጋው። ከመሃል ጀመረ።

ሶፋ ሠሪው "እህ እህ" ብሎ ሳለ። ቲቸር አልዞረም። ደግሞ ሳለ። ተቆጣጣሪው "ውጭ ወጥተህ ሳል" አለው። አልወጣም። ቆሞ አየ። መስመሮቹ እንደ ማስመሪያ ቀጥ አሉ። ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ጨርቁን አጠፈው፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያዘው፤ ልክ ሶፋ ሠሪው እንዳሳየው። እዚያ ላይ፣ እየታረደ ያለው ራሱ ሆኖ ሳለ፣ "ተዋጣለት!" የሚል ደስታ ውስጡን ሽው ሲለው ተሰማው። ለዚያ ደስታ ራሱን እስከዛሬ ይቅር አላለም።

ወንበሩ አለቀ። ተቆጣጣሪው ተጠግቶ በመዳፉ ዳበሰው። "ይገርማል" አለ። "ማን አስተማረህ?"

ቲቸር በአገሬው ቋንቋ፣ ጥርት ባለ አነጋገር፣ "እሱ" አለና ወደ ጥጉ አመለከተ።

ተቆጣጣሪው ወደ እማማ ዞረ። "ለሥራው ብቁ ነው?"

"እንደዚያኛው አይደለም" አሉ እማማ፣ እጃቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ደብቀው።

"እንደዚያኛው ይሁን አላልንም። የሐሰት ቃል መስጠት እንደሚያስቀጣ ያውቃሉ። ብቁ ነው ወይስ አይደለም?"

አሮጊቷ መሬት መሬቱን አዩ። "ነው" አሉ።

በአውቶቡስ ሲመለሱ ጎን ለጎን ነበር የተቀመጡት፤ ሌላ ባዶ ቦታ ስላልነበረ።

"ሰደበኝ እኮ" አለ ቲቸር ብዙ ከሄዱ በኋላ። "ሰምተኸዋል?"

"ሰምቼዋለሁ።"

"ልጄ የሚሆን ሰው። ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ምንም።"

"እጄ ነው እኮ... እኔ አስቤ አይደለም..."

ሶፋ ሠሪው ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እህቱ በሩን ከፍታ "አበላሸህ?" ስትል ቲቸር ኮቱን ሳያወልቅ በአጠገቧ አለፈ። እሷም ከሁለቱ ፊት ላይ አነበበችው። ያን ዕለት ቤቱ ተቀወጠ። "የወንድሜን እንጀራ! ከአፉ ላይ!" ብላ ባሏን ሰደበችው፣ አለቀሰች፣ ለቀናትም አኮረፈችው። ቲቸርም በልጆቹ እየማለ "ነገ ሄጄ እለቃለሁ" አለ።

በነጋታው ሄደ። ሲመለስ ግን ሌላ ወሬ ይዞ ነበር። ሥራውን በፈቃዱ ከለቀቀ ድጎማው አይመለስም፤ ቦታውም እንደገና ማስታወቂያ ይወጣበታል፤ እስከዚያ ደግሞ የሶፋ ሠሪው ጊዜያዊ ወረቀት ያበቃል። "ስለዚህ ብለቅም ላንተ የሚጠቅም ነገር የለም" አለው፣ ዓይኑን ሳያይ። "ጠይቄያለሁ።" ማንን እንደጠየቀ አልተናገረም። ሶፋ ሠሪውም አልጠየቀውም። እውነት ይሁን ውሸት እስከ መጨረሻው አላወቀም፤ ሊያውቅም የፈለገ አይመስልም።

ውሳኔው ቶሎ ደረሰ። ለማስታወቂያው ወራት የፈጀው ቢሮ ለእምቢታው ቀልጣፋ ሆነ። አገሩን ለቆ እንዲወጣ አጭር ጊዜ ሰጡት።

እነዚያ የመጨረሻ ሳምንታት ናቸው ሶፋ ሠሪውን የጎዱት። አሁን ማለዳ ተነስቶ የሚላጨው፣ ምሳውን ቋጥሮ ደረጃውን የሚወርደው ቲቸር ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለሰውና ሳሎን ውስጥ የሚቀመጠው ደግሞ ሶፋ ሠሪው ነው። መስኮቱ ሥር ላለመቀመጥ ብቻ ይጠነቀቃል። አንድ ረፋድ እህቱ ዕረፍት ሆና ወጥ ቤት ውስጥ ድስት እያጠበች ስታንጎራጉር ሰማት። ከልጅነታቸው ወዲህ ስታንጎራጉር ሰምቷት አያውቅም። ከዚያ ስልክ አነሳች፤ አገር ቤት ካሉት እናታቸው ጋር ነው።

"ሥራ ያዘ እኮ እማዬ! አዎ፣ ቋሚ! የእጅ ሙያ ነው። ኧረ ወገቡም ተሻለው፣ ብታዪው ሌላ ሰው..." ዞር ስትል ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል። ድምፅዋ ወረደ። "እሱም ደህና ነው... አዎ... የሱም እየታየ ነው።"

ስልኩን ዘጋችና እጇን ማድረቅ ጀመረች፤ የደረቀ እጇን።

"ለምን አልነገርሻትም?"

"ምን ብዬ?" አለች። እንባዋ መጣ። "አንተ ደግሞ እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ? ደስ ብሎኛል፤ ይኸው፣ ደስ ብሎኛል! ባሌ ቀና ብሎ ሲሄድ ደስ ብሎኛል። በዚያው አፌ ደግሞ ስላንተ አለቅሳለሁ። የትኛውን ልተወው?"

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከቲቸር ጋር "ደህና ዋልክ፣ ደህና እደር" ብቻ ሆነ።

አንድ ማታ እራት ላይ ቲቸር ሹካውን አስቀመጠ። "ጀርባው ክብ የሆነ ሶፋ መጣልን" አለ እየፈራ እየተባ። "ጨርቁ ከፋይ ነው፤ ደንበኛዋ ራሷ ነች ያመጣችው፣ ትርፍ የለውም። ክብ ጀርባ ላይ ከየት ነው የሚጀመረው?"

ሶፋ ሠሪው የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ።

"ከጠርዝ" አለ። "ክብ ሲሆን ሌላ ነው። ከግራ ጠርዝ ጀምረህ ወደ ቀኝ እየሳብክ ትሄዳለህ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ቲቸር።

እህቱ ደስ አላት። ታረቁ ብላ ነው። ለሁለቱም ጨመረችላቸው።

ጠዋት ሲነቃ ቲቸር ሄዷል። ሶፋ ሠሪው ጣሪያውን እያየ ተጋደመ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር፤ አይዋሽም። ያ ከፋይ ሲጨማደድ፣ ያች ደንበኛ ስትጮህ፣ ያ ማጅራት ሲቀላ ታየው። ኋላ ግን እማማ ታዩት። ጨርቁ ከተበላሸ ዕዳው የእሳቸው ነው። ስለ ቲቸር ሳይሆን ስለ አሮጊቷና ስለ ጨርቁ ብሎ፣ ቢያንስ ለራሱ እንደዚያ ብሎ፣ ጫማውን አጠለቀና እየሮጠ ወጣ።

ወርክሾፑ ደጃፍ ሲደርስ በመስታወቱ አሻግሮ አየ። ሶፋው መሃል ወለሉ ላይ ቆሟል። ከፋዩ ከመሃል ተይዞ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል ተወጥሮ፣ አንድም ጭምድድ ሳይኖረው ግማሹ አልቋል። ቲቸር ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። መዶሻውን እንደያዘ ወደ በሩ መጣ።

"ከመሃል ነው የጀመርከው" አለ ሶፋ ሠሪው።

"ከመሃል ነዋ። ያኔ ያን ሰማያዊውን ክብ ሶፋ ስትሠራ አይቼህ የለ?"

"ካወቅክ ለምን ጠየቅከኝ?"

ቲቸር መዶሻውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረ። "አታናግረኝም ነበር" አለ። "ስለ ሥራ ከጠየቅኩት ይመልስልኛል ብዬ ነው። ስትዋሸኝ ደግሞ... ትንሽ ቀለለኝ። አሁን እኩል ሆንን አልኩ።"

"እኩል አይደለንም" አለው ሶፋ ሠሪው።

ከቲቸር ኋላ እማማ ብቅ አሉ። ደስ ያላቸው መሰሉ፣ እጃቸውንም ዘረጉ፣ ከዚያ ግን መንገዱን ግራና ቀኝ አዩና ደፉ ላይ ቆሙ።

"አትግባ ልጄ" አሉት። "ወረቀት የሌለው ሰው ውስጥ ካገኙ ያሽጉብኛል። እዚያው ቁም፣ ሻይ ላምጣልህ።"

ሻዩን በብርጭቆ አመጡለት። አሥር ጊዜ የተንበረከከበትን ወለል በመስታወት እያየ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ ጠጣው። ቲቸር ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር። ሶፋ ሠሪው ብርጭቆውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

የሚሄድበት ዕለት የሸኘችው እህቱ ብቻ ናት። ቲቸር ገና አዲስ ተቀጣሪ ስለሆነ ፈቃድ መጠየቅ አልቻለም፤ ጠዋት ሲወጣ ሶፋው ላይ የተኛ የመሰለውን አማቹን ቆሞ አይቶት፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። አልተኛም ነበር። ልጆቹ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው "አጎቴ፣ መቼ ትመጣለህ?" ሲሉት "ስታድጉ" አላቸው።

አውሮፕላን ጣቢያው ውስጥ እህቱ የኮቱን ቁልፍ ስትቆልፍለት፣ ስትፈታው፣ መልሳ ስትቆልፍለት ቆየች።

"ቂም ይዘህ አትሂድብኝ" አለችው። "በእማዬ ሞት።"

እሺ ሊላት ፈልጎ ነበር። ቃሉ አንዲት ናት፤ ምላሱ ላይ መጥታ ቆመች። እህቱ ፊቱን እያየች ጠበቀች።

"አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ" አላት። "ከሰዓት ሥራ ትገቢ የለ?"

እጇን ከኮቱ ላይ አነሳች። ነጠላ ጫማ ያደረገች ይመስል እግሯን እየጎተተች በመስታወቱ በር ወጣች። ወደ ኋላ ዞር ትላለች ብሎ ነበር። አልዞረችም። እሱም ሻንጣውን አንስቶ ወደ ፓስፖርት ፍተሻው ሰልፍ ሄደና ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመ።